ባለቤቴ የገዛው ኤሲ ቆመ፤ ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። ዕድሜዬ 59 ነው። ከአሁኑ ልንገርሽ፣ «እርስዎ» እንዳትዪኝ። እዚህ አንቱ የሚሉኝ ገንዘብ ሊያስከፍሉኝ የመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ባለቤቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። በ2001 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመስኮት ኤሲ አመጣ። ያኔ በሰፈራችን ኤሲ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የመኝታ ቤታችንን መስኮት ራሱ ቆርጦ ራሱ ገጠመው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ያወርደዋል፣ ግቢ አውጥቶ ያጥበዋል፣ አድርቆ ይመልሰዋል። ጎኑ ላይ ነጭ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ የታጠበበትን ቀን ይጽፍበታል። የመጀመሪያው «ተገጠመ፣ ሚያዝያ 4/2001» ይላል። የመጨረሻው «መጋቢት 28/2015»። ከዚያ ታመመ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ አረፈ።

ባለፈው መስከረም ኤሲው ማቀዝቀዝ አቆመ። አንድ ባለሙያ «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ሞላው። ሦስት ሳምንት ሠራና ተመልሶ ሞቀ። ያኔ አየሩ እየቀዘቀዘ ስለነበር ተውኩት። አሁን በየካቲት ሳበራው «እህ» ብሎ ይቆማል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። ሌላ ባለሙያ መጣና «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፤ ያገለገለ አለኝ፣ ከነጋዙ በ24 ሺህ ብር እገጥምልሻለሁ» አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ደግሞ «እማ፣ ወርውሪው፤ አዲስ እገዛልሻለሁ» ይላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ ኢንቨርተር ከነመግጠሚያው 85 ሺህ ብር ነው ተብሏል። ልጄ ግን ቤት ተከራይቶ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። እንዴት ብዬ እቀበለዋለሁ? ሚያዝያ ላይ የሚደርሰኝ የ40 ሺህ ብር እቁብ አለኝ፤ እሱን ግን ለሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት።

ሴት ልጄ ግንቦት ላይ ትወልዳለች። የምትታረሰውም እኔ ቤት ነው። ግንቦት በድሬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጨቅላ በዚያ ሙቀት እንዴት ይተኛል?

ሌላም አለ፤ ይኼን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ያ ኤሲ ሲሠራ እንደ አሮጌ ባቡር ነው የሚጮኸው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላም እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ቁራሌው አውርዶ ሲጭነው ማየት አልፈልግም። «ለብረት ታለቅሻለሽ እንዴ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ምን ትዪኛለሽ?

የከዚራዋ፣ ከድሬዳዋ

*

ውድ የከዚራዋ፣

እሺ፣ «አንቺ» ብያለሁ። እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኛለች፤ ባለቤቷ ራሷ ፈቅዳለች እላታለሁ።

ስለ ኮምፕሬሰሩ ሁለት መስመር ነው የጻፍሽው። የፕላስተሩን ግን ቀኑን ሳይቀር ነግረሽኛል። አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ። ግንቦት ስለማይጠብቀን ከማሽኑ ልጀምር።

ፍሪጅና ኤሲ ሲጠግን የኖረ ዘመድ አለኝ። ማን እንደሆንሽ ሳልነግረው ደብዳቤሽን አነበብኩለት። «ጋዝ ጨርሷል» የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጠኝ። «ቤንዚን ነው እንዴ የሚጨርሰው?» አለ። ለካ የኤሲ ጋዝ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነው የሚኖረው። የመስኮት ኤሲ ደግሞ ጋዙ ከፋብሪካ ታሽጎበት ነው የሚመጣው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ የሚያፈሰውን ቦታ ሳይፈልግ ሞላልሽ፤ የሞላው በሦስት ሳምንት ወጣ። የተበሳ ጎማ ነፍቶ ሸኘሽ በይው።

በየካቲት የመጣው ችግርም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ኮምፕሬሰር ማለት ጋዙን እየገፋ የሚያዞረው ሞተር ነው፤ እሱን የሚያቀዘቅዘው ዞሮ የሚመለስለት ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ ሲጎድል ኮምፕሬሰሩ ይግላል። እየጋለ ብዙ ከሠራ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። «እህ ብሎ ይቆማል፣ ብሬከር ይወርዳል» ያልሽው ይህ ሊሆን ይችላል። ግን ካፓሲተር የሚባል ነገር አለ፤ የትንሽ ድልህ ጣሳ የምታህል ዕቃ ናት። ኮምፕሬሰሩን ከተቀመጠበት የምታስነሳው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ደህናው ኮምፕሬሰር ራሱ ልክ እንደዚያው እህ ብሎ ይቀራል። ከኮምፕሬሰር ጋር ሲተያይ ዋጋዋ ምንም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ሁለተኛው ሰውዬ «ተቃጥሏል» ያለው በምን አይቶ ነው? ቴስተር አውጥቶ የኮምፕሬሰሩን ሦስት እግሮች ለካ? ሽቦው ከቀፎው ጋር መነካካት አለመነካካቱን አየ? ወይስ ድምፁን ሰምቶ ፈረደ? ዋሸሽ ማለቴ አይደለም። ግን ያገለገለ ኮምፕሬሰር ያለው ሰው የእናንተው ሞቷል ሲል አንድ ሌላ ዓይን ቢያየው አይከፋም። ሦስተኛ ሰው ጥሪ። ገና በስልክ «የምከፍልህ ለማየት ብቻ ነው፤ ጥገናውን አንተ ጋ አላሠራም» በይው። ኤሲው ከተከፈተ በኋላ ቴስተር መንካት ብዙ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን የምልሽ ኤሲው ይድናል ብዬ አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚድን አይመስለኝም። ካፓሲተር ቢሆን እንኳ የሚያፈሰው ቦታ እንዳለ ነው። ግን ምን እንደገደለው ሳታውቂ ካወረድሽው፣ ዓመቱን ሙሉ «ምናልባት ቢጠገን ኖሮ» እያልሽ ትብሰለሰያለሽ። ለመለካት የምትከፍዪው ገንዘብ ለዚያ ነው።

አሁን 24 ሺው። ብቻውን ስታዪው ከ85 ሺህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ርካሽ ነው። ግን ምን እንደምትገዢበት እዪው። ዕድሜውን የማታውቂው ኮምፕሬሰር፣ የ17 ዓመት ቀፎ ውስጥ፣ ያፈስ በነበረ ቱቦ ላይ። የመስኮት ኤሲ ብዙውን ጊዜ 10፣ ቢበዛ 15 ዓመት ነው የሚኖረው። የእናንተው በድሬ አቧራና በሚቆራረጥ መብራት 17 የኖረው ሰውዬሽ በእጁ ስላጠበው ነው። 24 ሺው ውስጥ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጎ መበየድ አለበት ወይ? ለኮምፕሬሰሩ የስንት ወር ዋስትና ይሰጥሻል? በጽሑፍ? ለሁለቱም ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ አራስ ቤት ውስጥ ሆነሽ እሱኑ ስልክ ስትደውዪ ይታየኛል።

ጋዙም አለ። የኤሲው ጎን ወይም ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍ አንብቢያት። በዚያ ዘመን የተሠራ ስለሆነ «አር-22» የሚል ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ዓለም በሞንትሪያል ስምምነት እየተወው ነው። እንደኛ ያሉ አገሮችም እስከ 2030 እ.ኤ.አ.፣ ለጥገና ከሚቀረው ትንሽ መጠን በቀር፣ ሊያቆሙት ተስማምተዋል። ከዓመት ዓመት ማግኘቱ እየከበደ ነው የሚሄደው። «የለም እንጂ በሌላ ጋዝ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ እሺ አትዪ። አር-410ኤ የሚባለው ግፊቱ ከአር-22 ከግማሽ በላይ ይበልጣል፤ የድሮ ማሽን አይችለውም። የሚነድ ዓይነት ጋዝ ደግሞ ጨቅላ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ለዚያ ባልተሠራ ማሽን፣ በፍጹም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ቀይሪው። ሦስተኛው ሰውዬ ለክቶ «ካፓሲተር ብቻ ናት፣ የሚያፈሰውንም ቦታ አግኝቼዋለሁ» ካለሽ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ይህን በጋ በእሱ ተሻገሪ፤ አዲሱን ሳትጨናነቂ ለከርሞ ትገዢዋለሽ።

ስትገዢ ልጅሽ «ትልቁን» ሊልሽ ይችላል። ወንዶች ስልክ ላይ ሆነው ትልቁን ይወዳሉ። የመኝታ ቤትሽ ስፋት አራት በአራት ሜትር ገደማ ከሆነ 12 ሺህ ቢቲዩ ይበቃዋል፤ ቢቲዩ የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። የከዚራ የድሮ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ የከሰዓት ፀሐይም የሚመታው ክፍል ይሆናል ብዬ ነው 12 ያልኩሽ፤ ለዝቅተኛ ክፍል 9 ሺህም ይሠራ ነበር። ኢንቨርተሩን ልጅሽ መምረጡ ልክ ነው። የድሮው ዓይነት 12 ሺህ ቢቲዩ የመስኮት ኤሲ 1.3 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል። ሌሊቱን 8 ሰዓት ቢሠራ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 300። ኢንቨርተሩ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስልሽ ይችላል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑን ታውቂያለሽ። ብዙ ለሚጠቀም ደግሞ የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። የቆጣሪ ካርድ ስትሞዪ የሚታይ ልዩነት ነው።

ኢንቨርተር አንድ ድክመት አለው፤ ውስጡ ያለው ቦርድ ከፍና ዝቅ የሚል መብራት አይወድም። መብራቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የግድ ነው። 85 ሺው ውስጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይዘርጉለት፤ ከዲቫይደር ላይ ኤሲ አይሰካም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው አታብሪው፣ አምስት ደቂቃ ታገሺ።

ገጣሚውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ «ቫኪውም ፓምፕ ይዘህ ትመጣለህ?» በይው። የግድግዳ ኤሲ ሁለት ክፍል ነው፤ በመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ መመጠጥ አለበት። አንዳንዱ ለመፍጠን ትንሽ ጋዝ ለቅቆ አየሩን «ያባርራል»። ያ ማሽን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚጉረመርመው፤ ያኔ ገጣሚው ስልክ አያነሳም። ፓምፕ የሌለው ሰው ከሆነ ሌላ ፈልጊ። የውጪው ክፍል የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን። የሚንጠባጠበውን ውሃ በቱቦ ወደ አትክልትሽ ምሪው፤ ድሬ ላይ ውሃ አይጣልም።

ደረሰኝና ዋስትናም ተቀበዪ። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ያማልላል፤ አውቃለሁ። ለሬዲዮ ቢሆን ዝም እልሽ ነበር።

ስለ አራሷ። ጎረቤት «አራስን ብርድ ይመታታል፣ ኤሲ ውስጥ ታስተኛለሽ?» ማለቱ አይቀርም። አትጣዪ። ልጅሽ ለክትትል ስትሄድ አዋላጇን አብራችሁ ጠይቋት፤ መልሷን ለጎረቤቱ አንቺ ሳትሆኚ ልጅሽ ትንገር። እስከዚያው ግን ክፍሉን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርጊው፤ ንፋሱ አልጋው ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ። ጨቅላን ብርድ ብቻ አይጎዳውም፤ በሙቀት ላይ በጋቢ መጠቅለልም ይጎዳዋል። መብራት ሲጠፋ አዲሱም አሮጌውም ኤሲ አንድ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ቬንትሌተር ቀደም ብለሽ ግዢ። መጋረጃውን ከቀትር በፊት ዝጊ፣ ግቢውን ከሰዓት በኋላ እርጪ። ለድሬ ሰው ይህን መናገሬ ራሱ ያስቃል፤ ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እቁቡን «ለሌላ ነገር» ነበር ያሰብኩት አልሽ። ምን እንደሆነ አልጻፍሽም። ለአራሷ ገንፎና ቅቤ ከሆነ ጎረቤትና ዘመድ ይረዳሻል። ለመቃብሩ ሐውልት ከሆነ… ይህን ካሰብሽ አልገረምም። እኔ ሰውየውን አላውቀውም። ግን ሐውልቱ ይቅደም ወይስ የልጅ ልጅህ ክፍል ይቅደም ብለሽ ብትጠይቂው ምን የሚልሽ ይመስልሻል?

እቁቡ 40 ሺህ ነው፣ ዕቃው 85። የቀረውን 45 ሺህ ከልጅሽ ተቀበዪ። ሙሉውን እንዳትቀበዪ፣ ባዶ እጁንም እንዳትመልሽው። «ወርውሪው» ስላለ የማይሰማው አይምሰልሽ። አባቱ በየዓመቱ ኤሲ ሲያጥብ ውሃ ያቀብል የነበረው ማን ነው? ምናልባት የሞተ ማሽን አጠገብ ተኝተሽ እያሰበሽ አዲስ አበባ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል። ሩቅ ያለ ልጅ ሐዘኑን ብዙ ጊዜ በዕቃ ነው የሚናገረው። ደውዪለትና እንዲህ በይው፦ «ኤሲውን ልቀይር ነው። ግማሹን እኔ አለኝ፣ ግማሹን አንተ ቻል። ግን ወርውሪው አትበለኝ፤ አባትህ የጻፈበት ነገር አለ።» ከዚያ ዝም በዪ። እሱ ያውራ።

«ለብረት ታለቅሻለሽ እንዴ» የሚል ሰው ካለ የእኔን ቤት ይምጣና ይይ። የአባቴ ሬዲዮ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ሬዲዮው ማለቴ ነው። አቧራውን እጠርግለታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በደብዳቤሽ መሃል ሾልኮ አየሁ። የመጨረሻው ቀን መጋቢት 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ኤሲው አልታጠበም ማለት ነው፤ ሦስት ዓመት። ይህን ራስሽ ቆጥረሽ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለሽ እንደሆነ ብዬ ፈራሁ። አቧራ ያከብደዋል፣ እውነት ነው። ግን በዚያ ዕድሜው ቱቦው ማፍሰስ የሚጀምርበት ጊዜው ነበር፤ አንቺ ባል ስታስታምሚ፣ ከዚያም ስትቀብሪ ነበር። ማንም ሰው በዚያ ክረምት ኤሲ አያወርድም።

የአዲሱ ኤሲ ዝምታ መጀመሪያ ሰሞን ይከብድሻል ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ዝም ያለ ሌሊት እስከ ክረምት የምታገኚ አይመስለኝም፤ የልጅ ልጅሽ ይመጣል። ለማንኛውም ልጆችሽን «በዚያ ክፍል የተቀረጸ የድሮ ቪዲዮ ስልካችሁ ውስጥ አለ?» በያቸው። ልደት ይሁን፣ ቡና ይሁን። ከጀርባው የሚጮኸው እሱ ነው።

ለቁራሌው ያልሽውን ገባኝ። መስጠት የለብሽም። በከተማችሁ ፍሪጅና ኤሲ ጥገና የሚያስተምር የቴክኒክና ሙያ ተቋም ካለ «ለተማሪዎች እየፈቱ መማሪያ ይሆናችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። የሚያወርደው ሰው ግቢ ውስጥ ቱቦውን ቆርጦ የቀረውን ጋዝ አየር ላይ እንዳይለቀው ንገሪው። የሚወርድበትን ቀን ከቤት ውጪ መሆን ከፈለግሽ ሂጂ፤ ማንም አይወቅስሽም። ሂድ ሂድ ካላለሽ ደግሞ ቁጭ በዪና ቡና አፍዪለት፣ እየወረደ እዪው።

ፕላስተሩ ግን ከእሱ ጋር አይሄድም። ከመውረዱ ሁለት ቀን ቀድመሽ፣ መጀመሪያ ልጅሽ በስልኳ ፎቶ ታንሳው፤ ሙሉውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቀን ለብቻ። ውሃ እንዳታስነኪው፤ የእስክሪብቶው ቀለም ይለቃል። የፀጉር ማድረቂያ ተዋሽና ከላይ ከጥጉ ጀምረሽ አሙቂው። ሙጫው ሲለሰልስ በጥፍርሽ ሳይሆን በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ሥር ሥሩን ግቢ። ከወጣ በኋላ ደረቅ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኚው። አዲሱ ከተገጠመ ማታውኑ አንድ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ከታች ጠርዙ ላይ ለጥፊና ቀኑን ጻፊበት።